ባለቤቴን የወሰደው መኪና

ሚስቴን ላመጣ ሄጄ ብቻዬን መመለሴን አይታችሁ በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም እያስቆማችሁ የምትጠይቁኝ የለጋምቦ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት። እኔ አፌ ደክሟል። ከእናንተ ደሴንና ኮምቦልቻን የማያይ ብዙ ነው። ብታዩ ትጠቀማላችሁ አልልም፤ ባታዩ ምንም አይቀርባችሁም ለማለትም አልደፍርም። ያየሁትን፣ የበላሁትንና ያናደደኝን በየቀኑ አድርጌ እነግራችኋለሁ። የሚበዛው ያናደደኝ ነው። ያናደደኝም ነገር ተመርምሮ ተመርምሮ ቅናት ሆኖ ነው የተገኘው፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ለማያውቀኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእጅ። የካህናቱን ካባ፣ የባላገሩን እጀ ጠባብና ሱሪ ስሰፋ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች፤ ከተጋባን ስምንት ዓመት። መስከረም ላይ ደሴ ያለችው እህቷ ዘነቡ ወልዳ «ላርሳት» ብላ ሄደች። ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ነበር። ልጁ ክርስትና ተነሳ፣ ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ አስካለ የለችም። በኋላ አንድ የምናውቀው የጨው ነጋዴ ከዚያ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ።

«አስካለ ደህና ናት። ኮምቦልቻ ወርዳለች። አንድ ዐረብ መኪና ሰጥቷት ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አትነሳም። መኪናዬን ትቼ እንዴት ልምጣ ብላሃለች።»

መኪና ማለት ለእኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማ ያለው፣ ጡሩምባ የሚነፋ፣ ከፊቱ ሾፌር የተቀመጠበት። ጣልያን ከገባ ወዲህ ስለ ሾፌር የሚወራውን ደግሞ ታውቃላችሁ። ነጋዴው ሄዶ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔን ስጨፍን መኪናው ሳይሆን ሾፌሩ ነው የሚታየኝ፤ ወጣት፣ ጸጉሩን የተቀባ፣ ጥርሱ ነጭ። አስካለ ከጎኑ ተቀምጣ ትስቃለች። ቤት ውስጥ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ ሳቁን ራሴ ፈጠርሁላት፤ የባሰውም ይኸው ሆነ።

ሰኞ

ከመነሳቴ በፊት ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ለራሴ አዲስ እጀ ጠባብ ሰፋሁ። አንገቱን በቀጭኑ ጠለፍሁት። ሾፌሩ ምን ቢለብስ ከዚህ የተሻለ አይለብስም ብዬ ነው። በሶና ቆሎ ቋጥሬ፣ ያለ እሱ መንገድ ወጥቼ የማላውቀውን የመርፌ ከረጢቴን አንግቼ ዶሮ ሲጮህ ወጣሁ።

ወደ ማታ ጉጉፍቱ ደረስሁ። የእኛ አገር ብርድ ብርድ ነው ትላላችሁ፤ የጉጉፍቱ ነፋስ ግን ከጆሮ ገብቶ በጥርስ ይወጣል። «ቤቶች!» ብዬ አንድ ደጅ ስጣራ አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ወጡ። «ግባ፣ ግባ፣ እንግዳ የአላህ ነው» ብለው ክንዴን ይዘው ከእሳቱ ዳር አስቀመጡኝ። የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ቀረበልኝ። አያ ይማም የሚያማርሩት አዲሱን መንገድ ነው።

«ወላሂ፣ መንገዱ ከመጣ ወዲህ ዶሮዬ እንቁላል መጣል ትታለች። ጡሩምባውን ታዳምጣለች እንጂ ሥራዋን አትሠራም።»

የምሄድበትን ስነግራቸው ሽማግሌው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ሚስትህን መኪና ወሰዳት? አብሽር። መኪናም ይበላሻል።»

ሚስታቸው እማማ ዘሀራ ከወዲያ ሆነው ሳቁ። ወዲያው የሽማግሌውን እግር ጉልበታቸው ላይ አንስተው እሾህ ይነቅሱላቸው ጀመር። «ቀስ በይ» ይላሉ ሽማግሌው፤ «ዝም በል አንተ» ይላሉ እማማ ዘሀራ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። ያበሉኝን ሰዎች በእሾህ ቀናሁባቸው። ወተቱን ጨርሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ወደ ገራዶ ስወርድ ነው የመጀመሪያውን መኪና በቅርብ ያየሁት። ከኋላዬ ጡሩምባውን ለቀቀብኝ። በእኛ አገር ሰው መንገድ ሲያስለቅቅ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ነው፤ ይኼ ግን ሰላምታ የለውም። ዘልዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ከፊት የተቀመጠች ሴት እንዳለች ለማየት ቀና ስል አቧራው ዋጠኝ። አልፎ ሲሄድ ሦስት ቀን የሰፋሁት እጀ ጠባብ የጭቃ ቤት ግድግዳ መስሏል። ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ኬላ አለ። እኛ ዘንድ ሰው ሲያገኙህ የማን ልጅ እንደሆንህ ይጠይቁህና ያልፋል። እዚህ ወረቀት ነው። ወረቀት ከሌለህ አንተ ራስህ የለህም። አንድ ጣልያን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ አስተርጓሚው ቆሟል። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ነው፤ አማርኛው በቋፍ ነው።

«ለምን ትሄዳለህ?»

«ባለቤቴን ፍለጋ።»

አስተርጓሚው ተናገረ፣ ጣልያኑ ጻፈ፣ ማኅተም ተመታ። ምን እንደተጻፈ የሰማሁት ከኬላው ማዶ ወረቀቱን ያነበበልኝ አንድ የቋንቋው አዋቂ ሲስቅ ነው። «ይህ ሰው የጠፋበትን ጌታውን ይፈልጋል» ይላል። ተመልሼ ላሳርም ብል ተሰለፍ አሉኝ። የተሰለፈውን ሰው ብዛት አይቼ ተውሁት። ከዚያ ወዲህ በደረስሁበት ኬላ ሁሉ «እህ፣ ጌታህን አገኘኸው?» እያሉ አሳለፉኝ። እኔም «ገና ነው» እያልሁ አለፍሁ። ሚስቴ ጌታዬ ተብላ በማኅተም ጸደቀች።

ገራዶ ያደርሁት ጠላ ከምትሸጥ እትዬ ዘውዴ ከምትባል ሴት ቤት ነው። ገና ስገባ እኔን ሳይሆን እጀ ጠባቤን አየች። «ይህን የመሰለ ጥልፍ በአቧራ!» ብላ አስወልቃኝ የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ። አጥባ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ጠዋት ደርቆ፣ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ለዚህ ምን ላድርግልሽ ብላት «ሚስትህ ዘንድ ንጹሕ ሆነህ ግባ፣ ይበቃኛል» አለችኝ። ሆዴን አባባችው።

ረቡዕ

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተኮልኩላ ስትታይ ታምራለች፤ ውስጧ ሲገቡ ግን ሁሉም ሰው የተቆጣ ይመስላል። የዘነቡን ሰፈር ሆጤን ስፈልግ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በእኛ አገር የዘነቡን ቤት ብትል ሕፃን እንኳ ያደርስሃል። እዚህ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ይሉሃል። ቤቱ ቁጥር እንዳለው በምን ልወቅ! ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ፣ ወረቀት ለማስመታት ሰልፍ። ከአንድ ግንብ ሥር ውኃዬን ልሸና ቁጢጥ ስል ፊሽካ ተነፋብኝ። ተነሥቼ ሮጥሁ። በአርባ ዓመቴ እንዲህ ሱሪዬን ይዤ ስሮጥ የለጋምቦ ሰው አለማየቱን አመሰገንሁ። አሁን ራሴ ነገርኋችሁ።

ዘነቡ ስታየኝ ደስ አላት፤ ልጇን አሳቀፈችኝ። ቀኑ ጾም ስለነበር መኮሮኒ በዘይት ሠርታ አቀረበች። መኮሮኒ ማለት ውስጡ ባዶ የሆነ ሊጥ ነው። በእጅ ያመልጣል፣ በእንጀራ ጠቅልለው ሲይዙት ይሾልካል። ገብሳችን እንደዚህ ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ግን እሷ እያየችኝ ስለሆነ በላሁ።

«አስካለስ?» አልኋት፣ እንደ ዋዛ።

«አስካለማ መኪናዋን ይዛለች! ከሰው በላይ ሆናለች እኮ። ሰውዬውም እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት።»

የቱ ሰውዬ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ኩራት ያዘኝና አልጠየቅሁም፤ የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዘነቡም የማውቅ መስሏት መኮሮኒ ጨመረችልኝ። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ የነገው ውርደት ይቀርልኝ ነበር።

ሐሙስ

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተጫንሁ። ሾፌሩ ሰይድ የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነው። ወጣት፣ ጸጉሩ የተቀባ፣ ጥርሱ ነጭ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁት ሰው ቁጭ ብሎ መሪ ይዞ አገኘሁት።

ቁልቁለቱ እባብ ነው። ይጠማዘዛል፣ ገደሉ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይመጣል፣ የነዳጁ ሽታ ሆድ ይገለብጣል። በሦስተኛው ጥምዝ የትናንቱ መኮሮኒ ተመልሶ መጣ። ሰይድ መኪናውን አቁሞ ወረደና ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ይምጠጡት አያ፤ አብሽር፣ ሁሉንም መጀመሪያ እንዲህ ያደርገዋል።»

የጠላቴን ሎሚ መጠጥሁ። በጣም ጠቀመኝ፤ በዚህም ተናደድሁ።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ከደሴ ወርደህ ስትገባ ጋቢህን የምትጥልበት ታጣለህ። ከመኪናው ወርጄ እግሬ መሬት እንደነካ የሰይድን እጅጌ ጨመደድሁ።

«ባለቤቴን አምጣ!»

«የመኪናውን ባለቤት? እሱ አስመራ ነው ያለው አያ፤ እኔ ሾፌር ነኝ።»

«አስመራ ወሰዳችኋት?»

«ማንን?»

«ባለቤቴን ነዋ!»

ወዛደሮቹ ጆንያቸውን አስቀምጠው ከበቡን። አንደኛው ወረቀቴን ከእጄ ወስዶ አነበበና «ጌታው ጠፍቶበት ነው፣ ምስኪን» አለ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና «አስካለ! ስሟ አስካለ ነው! መኪና ላይ ናት ተብያለሁ!» ብዬ ጮህሁ።

ሰይድ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። «አስካለ የሐጂ ቤቷ? ታዲያ ይህን ሱሪ የሰፋችልኝ እሷ አይደለችም እንዴ! መኪናዋ እኮ የስፌት ናት፣ አያ!» ብሎ እግሩን አንስቶ የሱሪውን ስፌት አሳየኝ።

ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ስፌቱን አየሁ። ሙያ ነውና ዓይኔን መከልከል አልቻልሁም። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሃያ ዓመቴ እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም። በሾፌሩ የቀናሁት ቅናት ተነሥቶ ሌላ የባሰ በቦታው ተቀመጠ።

መኪናውን የሰጣት ዐረብ፣ የሐጂ ሷሊህ፣ ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ከፊቷ ጥቁር ብረት፣ ከሥሯ መርገጫ አለ። እግሯ ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል፣ ብረቱ ይጨረጭራል። እሷ ደግሞ ታንጎራጉራለች። እኔ ቤት አንጎራጉራ አታውቅም። በር ላይ ቆሜ በብረት ቀናሁ፤ አዎ፣ በብረት።

ሐጂው መጀመሪያ አዩኝ። መነጽራቸው ወፍራም የሆነ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አንቺ የአስካለ ባል? ግቢ! ግቢ!» አሉኝ።

አስካለ ዞረች። ደነገጠች፣ ተነሣች፣ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ «መጡ? እግርዎን ያራግፉ፣ ጨርቁ ይቆሽሻል» አለችኝ። እንደ ቤቷ ነው የተናገረችው።

ዓርብ

ያደርሁት ከሱቁ ጓዳ ነው። ሐጂ ሷሊህ የራሳቸውን ምንጣፍ ነጠፉልኝ፣ ጠዋትም ቴምርና ሻይ አቀረቡልኝ። እንዲህ ደግ የሆነን ሰው መጥላት አድካሚ ነው፤ ግን ሞከርሁ። ምክንያትም አገኘሁ። አስካለ እኔን ሁልጊዜ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ሐጂውን ግን «ሐጂ፣ መቀሱን አቀብለኝ»፣ «ሐጂ፣ አንተ ደግሞ ዝም በል» ትላለች። እሳቸውም ይስቃሉ። እማማ ዘሀራ ጉጉፍቱ ላይ ባላቸውን «ዝም በል አንተ» ሲሉ የሰማሁት ድምፅ ነው።

«እኔን አንቱ፣ እሳቸውን አንተ?» አልኋት።

«አንቱ ስለው ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ መስሎት ዞር ይላል» አለች። «ተውሁት።»

ሐጂው ለጁምዓ ሶላት ወጡና ሁለታችን ቀረን። እንዴት እንደጀመረች ጠየቅኋት። ለገበያ ኮምቦልቻ ወርዳ በሰነበተች ጊዜ የዘነቡን ልጅ ጨርቅ ልታስጠርዝ ገብታ፣ ሽማግሌው ክር ከመርፌው ዓይን ማስገባት አቅቷቸው ሲታገሉ አየች። ተቀብላ በአንድ ጊዜ አስገባችላቸው። በማግስቱም መጥታ አስገባችላቸው። በሦስተኛው ቀን «ቁጭ በይ» አሏት።

«በይ እንግዲህ፣ ነገ እንሂድ» አልኋት።

«የት?»

«ቤታችን ነዋ።»

መንኮራኩሩን በእጇ አቆመችው። «አልሄድም። ከፈለጉ እርስዎ ይምጡ።»

«ሰው ምን ይለኛል? ሴት ልብስ ስትሰፋ የት ታይቷል? የወንድ ሥራ ነው!»

«ይኼ ብረት ወንድ መሆኔን አልጠየቀኝም።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ስምንት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ጥጥ ፈተልሁ። እጅዎን ሳይ ኖርሁ። አንድ ቀን እርስዎ ገበያ ሄደው የቄሱን እጅጌ ሰፋሁ። ያስታውሱታል?»

አስታወስሁት።

«ሲመለሱ ምን አደረጉ?»

«ጠማማ ነበር» አልሁ።

«ጠማማ ነበር። ቄሱ ቆመው እያዩ እርስዎ ተረተሩት። ክሩን መሬት ጣሉት። እንዴት እንደሚቃና ግን አልነገሩኝም።»

የሚያሳፍረኝ መተርተሬ ብቻ አይደለም። እጅጌው ላይ ከነጠማማነቱ የልብስ ሰፊ እጅ እንዳላት የታየኝ ያን ቀን ነው። አይቼ ነው የተረተርሁት። ይህን ለእሷ አልተናገርሁም፤ እናንተ ዛሬ አንብቡት።

ከሰዓት በኋላ ሐጂው ተመልሰው የሰይድን ኮት አመጡ። የኮምቦልቻ ሰው ቁልፍ ያለው ልብስ ይወዳል፤ ያ ብረት ግን የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት አያውቅም። አስካለም አታውቅም። ከረጢቴን ፈትቼ ሳልጠየቅ ስድስት ቀዳዳ ጠርዤ ሰጠሁ። ሐጂው መነጽራቸውን ከጨርቁ አስጠግተው አገላብጠው አዩና «አንቺ ጎበዝ! መኪና አይችልም!» አሉ። እንደዚያ በአንቺ ተጠርቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አስካለ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ስትል አየሁ። እኔም ፈገግ አልሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ

የመመለሻውን መንገድ አልተርክላችሁም፤ ያው አቧራና ያው ኬላ ነው። አያ ይማምን ሳልጠይቃቸው አላለፍሁም፤ ዶሮዋ መጣል ጀምራለች። አስካለ አልመጣችም። እኔ ነኝ የምሄደው። ገብሴን አስገብቼ፣ የቤቱን በር ለወንድሜ አስረክቤ እወርዳለሁ። የጀመርሁላችሁ ስፌት ያላችሁ ሳልሄድ ውሰዱ። ሰው ምን ይላል ያልሁትን ሰው ይበለው፤ ከአሁኑ ያላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

የቀረኝ የቅዳሜ ጠዋት ነገር ነው። ሰይድ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሐጂው ለስንቅ ቴምር ይቋጥሩልኛል። ከረጢቴን አንግቼ ቆሜ ሳለሁ አፌ አመለጠኝና «ልያዘው እስቲ?» አልኋት።

ከወንበሩ ተነሥታ አስቀመጠችኝ። ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋችልኝ። እግሬን ስረግጥ መንኮራኩሩ ወደኋላ ዞረ፣ ጨርቁ ወደ እኔ ተንጋደደ፣ ክሩ ተበጠሰ። ስፌቴን አየሁት፤ የሰከረ ሰው ዱካ ነው። ሃያ ዓመት የሰፋ ሰው ነኝ። ጆሮዬ ጋለ። ሐጂው ያያሉ፣ ሰይድም በመስኮት ያያል። ጨርቁን ትወስድብኛለች፣ ትተረትረዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

አስካለ አልወሰደችውም። ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ክሩን ከመርፌው ዓይን መልሳ አስገባች። እጄን ይዛ ከጨርቁ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ቸኩላ ነበር መሰለኝ፣ ወይም እጄን እንጂ ፊቴን ስላላየች ይሆናል፣ ይድገሙ አላለችኝም።

«አብሽር» አለችኝ፣ «ድገም።»

ደገምሁ።